ኢ 200 ምን ጎደለው? «ባዶ መርሰዲስ» ላለው ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ባለፈው ሳምንት አንድ ደንበኛዬ አራት ገጽ ወረቀት ጠቅልለው ይዘው አዳማ ወደሚገኘው ጋራዤ መጡ። በመኪና ገዢዎች ዘንድ ከእጅ ወደ እጅ ሲዘዋወር የሰነበተ ጽሑፍ ነው፤ አሳትመውታል፤ የከነከናቸውን ቦታ ሁሉ በቀይ እስክሪብቶ አስምረውበታል። «እስኪ አንብበውና እውነቱን ንገረኝ፤ ተታልያለሁ ወይስ አልተታለልኩም?» አሉኝ። በአባቴ ዕድሜ ያሉ ሰው ናቸው፤ ጋሼ ነው የምላቸው። የዕድሜ ልክ ጥሪታቸውን አውጥተው የገዟት ጥቁር መርሰዲስ በር ላይ ቆማለች። የኋላ መክደኛዋ ላይ «ኢ 300» የሚል ጽሑፍ ያብረቀርቃል።

የጽሑፉ ፍሬ ነገር ባጭሩ ይህ ነው። የመርሰዲስ ኢ ክላስ መነሻ ደረጃ የሆነው ኢ 200 ስሙ እንጂ ግብሩ የቅንጦት አይደለም። ሞተሩ ትንሽ፣ ውስጡ ባዶ፣ ሞላው ተራ ነው፤ ነዳጅ ይጠጣል፤ ሲበላሽም ጠጋኝ አይገኝለትም። ስለዚህ ገንዘብ ያለው ሰው ትልቅ ሞተር ያለውን ኢ 300 «ፉል ኦፕሽን» ይግዛ፤ አለዚያ ነገሩን ትቶ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና ይሂድ።

ጸሐፊው በአንድ ሁለት ነገር እውነት አላቸው፤ ያንን በቦታው እመሰክርላቸዋለሁ። በቀረው ግን ሰውን ወደ ባሰ ግዢ የሚገፋ ምክር ሰጥተዋል። የዚያ ምክር ዋጋ እኔ በር ላይ ሲከፈል ስለማይ ዝም ማለት አልቻልኩም።

አስቀድሞ ስለ የትኛው መኪና እንደምንነጋገር ይታወቅ፤ ጽሑፉ የተለያየ ዘመን ቁጥሮችን ቀላቅሏልና። እ.ኤ.አ. በ2016 ለገበያ የቀረበው፣ በፋብሪካ ስሙ 213 የሚባለው ኢ ክላስ፣ በኢ 200 ደረጃው 1,991 ሲሲ የሆነ ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ ቱርቦ የቤንዚን ሞተር ይዟል። 184 የፈረስ ጉልበትና 300 ኒውተን ሜትር የመጠምዘዝ ኃይል ያወጣል፤ ካምቢዮው ባለ ዘጠኝ ማርሽ አውቶማቲክ ነው። ጸሐፊው የጠቀሱት 197 የፈረስ ጉልበት ከዚያ በኋላ የመጣው ሞተር ቁጥር ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ ትውልዱ ራሱ ተተክቶ 214 የተባለው ወጥቷል። እኔ ዘንድ የሚመጡት የመጀመሪያዎቹ ስለሆኑ የምናገረው ስለ እነርሱ ነው።

አሁን ወደ ክሱ። ባለ አራት ሲሊንደር ሞተር ለቅንጦት መኪና ውርደት ነው ይላሉ ጸሐፊው፤ ድሮ የነበረውን ባለ ስድስት ሲሊንደር ኢ 240 እያነሱም «እሱ ነበር መኪና» ይላሉ። ኢ 240ን እኔም እወደዋለሁ፤ ድምፁ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ለስላሳ ነው። ቁጥሩን ግን ጎን ለጎን እናስቀምጠው። በፋብሪካ ስሙ 211 በተባለው የድሮ ትውልድ የነበረው ኢ 240፣ በ2.6 ሊትርና በስድስት ሲሊንደር የሚያወጣው 177 የፈረስ ጉልበትና 240 ኒውተን ሜትር ነው። «ትንሽ» የተባለው ሞተር በሁለቱም ይበልጠዋል።

ይህ እንግዲህ በባሕር ጠለል ላይ ነው። እኛ የምንኖረው ደግሞ ከፍታ ላይ ነው፤ ጽሑፉ ይህንን ጨርሶ አላነሳም። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ። ከፍታ ሲጨምር አየሩ ይሳሳል፤ አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብ ያህል ያንሳል፤ አዳማ ላይ በአንድ ስድስተኛ ገደማ። ቱርቦ የሌለው ሞተር የሚተነፍሰው ያገኘውን አየር ብቻ ነውና በየ1,000 ሜትሩ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህል ይጥላል። በዚህ ስሌት ያ ኢ 240 አዳማ ላይ 150 የፈረስ ጉልበት እንኳን አይሞላም፤ አዲስ አበባ ሲገባ ደግሞ የበለጠ ይደክማል። ቱርቦ የራሱ የሞተሩ ጭስ የሚያሽከረክረው የአየር መጭመቂያ ነው። አየሩ ሲሳሳ የሞተሩ ኮምፒውተር ቱርቦውን ይበልጥ አፍጥኖ የጎደለውን አብዛኛውን ይመልሳል።

ይህንን በወረቀት ብቻ አላልኩም። ጠግኜ የጨረስኩትን መኪና የምፈትነው በአሰላ መንገድ ነው። ከአዳማ ወጥቼ መልካሳ ላይ አዋሽን እሻገርና በዴራ በኩል ወደ ኢተያ ሽቅብ እወጣለሁ። ከፊት የጫነ አይሱዙ ሲያቃስት፣ ከኋላ ሚኒባስ ሲጠጋ፣ ለመቅደም ያለችው ጊዜ አጭር ናት። ባለ ስድስት ሲሊንደሩ ሁለት ማርሽ ወደ ታች ይወርዳል፣ ይጮኻል፣ ቀስ በቀስ ይሰበስባል። ኢ 200 ላይ 300ው ኒውተን ሜትር የሚመጣው ሞተሩ ገና በደቂቃ 1,200 ዙር ላይ እያለ ነው፤ እግሬን ጫን ሳደርግ ዳገቱ ላይ ያለ ጩኸት ይነሳል። ድምፁ ኢ 240ን አያህልም፤ ጠዋት ሲነሳማ የናፍጣ ይመስላል፤ ይህ እውነት ነው። ጸሐፊው «ድምፁ አያምርም» ቢሉ ኖሮ እስማማለሁ። ያሉት ግን «አቅም የለውም» ነው።

ተፎካካሪዎቹ በመነሻ ደረጃቸው የበለጠ ይሰጣሉ የሚለውንም በአንድ ቃል ልለፈው። የዚያው ዘመን ቢኤምደብልዩ 520 አይ፣ እርሱም ባለ ሁለት ሊትር ቱርቦ፣ 184 የፈረስ ጉልበትና 290 ኒውተን ሜትር ነው ያለው።

ከሁሉ የቆጨኝ የሚቀጥለው ነው። ጸሐፊው ኢ 200ን ትታችሁ ትልቅ ሞተር ያለውን ኢ 300 ግዙ ብለዋል። ኢ 300 ትልቅ ሞተር የለውም። በዚህ ትውልድ ኢ 200፣ ኢ 250 እና ኢ 300 በአንድ ዓይነት ሞተር ነው የወጡት፤ ሦስቱም 1,991 ሲሲ ናቸው። ልዩነቱ በዋነኛነት የቱርቦው ግፊትና የኮምፒውተሩ ቅንብር ነው፤ ኢ 200 184፣ ኢ 250 211፣ ኢ 300 245 የፈረስ ጉልበት ያወጣሉ። የ245ቱ ጉልበት እውነተኛ ነው፤ የሚፈልገው ሰው ይግዛው። ነገር ግን ከኋላ የተለጠፈው ቁጥር የሞተሩን ስፋት የሚናገርበት ዘመን አልፏል። ገዢ ይህንን ሳያውቅ «300 ማለት 3 ሊትር ነው» ብሎ ካመነ፣ አጭበርባሪ ሻጭ የሚያስፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ከዕቃ መደብር የሚገዛ የ«3» ቁጥር ተለጣፊ።

የጋሼ መኪና ታሪክ ይኸው ነው። የፊት መስታወቱን ታች ጠርዝ በጨርቅ ጠርጌ የሻንሲ ቁጥሩን ሳነብ ደብልዩ ዲ ዲ ብሎ ይጀምርና 213 042 ይላል። 213 ትውልዱ ነው፤ 042 ደግሞ ኢ 200 ማለት ነው። ኢ 300 ቢሆን 048 ይል ነበር። ከአሜሪካ የመጡ መኪናዎች ሌላ አቆጣጠር አላቸው እንጂ ለአውሮፓና ለሌሎች ብዙ ገበያዎች የተሠሩት በዚሁ ይነበባሉ። በሻንሲ ቁጥሩ መኪናው ከፋብሪካ ሲወጣ የተገጠመለትን ዕቃ ሁሉ ዝርዝር ማውጣትም ይቻላል። ሊብሬው ላይ ያለው ሲሲ ሁለቱንም አይለይም፤ 1,991 ለሁለቱም እውነት ነውና። ስለዚህ ገዢው የሚያየው ከኋላ የተለጠፈውን ቁጥር ብቻ ከሆነ፣ ቁጥሩ ራሱ ይሸጠዋል። ጋሼ ለአንድ ቁጥር ስንት እንደጨመሩ ሲነግሩኝ ቁልፍ ከእጄ ወደቀ።

መኪናዋ ግን መጥፎ መኪና አይደለችም። ጋሼ የተታለሉት በዋጋው ነው፤ በመኪናው አይደለም። ለዚህም ነው የጽሑፉን ቀሪ ክሶች አንድ በአንድ ያነበብኩላቸው።

«ውስጡ ባዶ ነው» የሚለው ቶሎ ያልቃል። ጸሐፊው የሚያነሱት መቀመጫው የእውነት ቆዳ አለመሆኑንና ስክሪኑ ማነሱን ነው። የመነሻው ደረጃ የመካከለኛ ስክሪን 8.4 ኢንች ነው፤ ከፍ ያለው 12.3። ከመሪው ጀርባ ያሉት የፍጥነትና የዙር መቁጠሪያዎች መርፌ ያላቸው የድሮ ዓይነት ናቸው። እኔ መርፌ ያለው መቁጠሪያ ተበላሽቶ የመጣልኝ ጥቂት ጊዜ ነው። ሰው ሠራሽ ቆዳ ደግሞ በአዳማ ፀሐይ ከእውነተኛው ይልቅ መሰንጠቅን ሲችል አይቻለሁ። ጣዕም የእያንዳንዱ ነው፤ ይለፍ። «የሲ ክላስ አካል ነው ያለበሱት» መባሉ ግን ስህተት ነው፤ ሲ ክላስ ከኢ ክላስ የሚያንሰው መርሰዲስ ነው። የመኪናው ርዝመት 4,923 ሚሊ ሜትር፣ ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ ያለው ርቀት 2,939 ሚሊ ሜትር ነው፤ ይህ ርቀት ከቀደመው ኢ ክላስ በ65 ሚሊ ሜትር ጨምሯል። የመነሻውም የላይኛውም ደረጃ ልክ አንድ ነው፤ የዕቃ መጫኛው 540 ሊትር ነው።

ስለ ደኅንነቱ የተባለው ያሳስበኛል፤ እዚህ ላይ ስህተት የሰው ሕይወት ነው። ጽሑፉ መነሻው ደረጃ የደኅንነት መሣሪያ የተነፈገው እንደሆነ አድርጎ አስቀምጧል። የአውሮፓው የግጭት መፈተኛ ዩሮ ኤንካፕ እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን ኢ ክላስ ፈትኖ አምስት ኮከብ ሰጥቶታል፤ ለአዋቂ ተሳፋሪ ጥበቃ ያገኘው ነጥብ 95 በመቶ ነው። የተፈተነው አካል የኢ 200ም አካል ነው። ለርካሹ የተለየ ብረት አልተበየደለትም። ፊት ለፊት አደጋ ሲያይ በራሱ ፍሬን የሚይዘው ሥርዓት መነሻው ላይ አለ። ነጂው ሲደክም ከአነዳዱ ተረድቶ የሚያነቃውም አለ፤ ዳሽቦርዱ ላይ የቡና ስኒ ምልክት እያሳየ «ዕረፍት አድርግ» ይላል።

አዳማ ለሚኖር ሰው ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። ከአዲስ አበባ በፍጥነት መንገዱ መጥቶ ሞጆን አልፎ ወደ ከተማችን የሚቀርብ ነጂ ኮረብታው ላይ የተደረደሩትን የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች ያያል። ለምን እዚያ እንደተተከሉ የሚገባው መኪናው በጎኑ ሲገፋ ነው። በተለይ ከትልቅ ተሳቢ ጀርባ ድንገት ሲወጣ ነፋሱ እንደ ትከሻ ይገፋል፤ በ120 ኪሎ ሜትር ፍጥነት አንድ ሜትር መንሸራተት ቀላል አይደለም። ይህ መኪና የጎን ነፋስን የሚቋቋም ሥርዓት አለው። ከ80 ኪሎ ሜትር ፍጥነት በላይ ነፋሱ ሲመታው፣ ነፋሱ በመጣበት በኩል ያሉትን ጎማዎች ለቅጽበት በፍሬን ነካ አድርጎ መስመሩን ይይዛል። በመጋቢት አንድ ከሰዓት መሪውን ይዤ ተሰምቶኛል፤ መኪናው ሊሄድ ሲል አንድ ነገር ከሥር ጎተተውና ተመለሰ። ይህ ሥርዓት የሚመጣው ከመነሻው ደረጃ ጋር ነው፤ ተጨማሪ ገንዘብ አልተጠየቀበትም።

ቀጥሎ ሞላው። ጸሐፊው ለእኛ መንገድ የአየር ሞላ ግድ ነው፤ መነሻው የብረት ሞላ ስላለው ይንጣል ብለዋል። የአየር ሞላ ያለው መኪና የተሻለ እንደሚንሳፈፍ አልክድም፤ አካሉን ከፍ አድርጎ ጉብታ ማለፍም ይችላል፤ ይህ ለእኛ አገር ጥቅም ነው። ግን ምን እንደሆነ እንወቀው። በየጎማው የጎማ ከረጢት አለ፤ ከፊት ሁለት፣ ከኋላ ሦስት ክፍል ያለው። እነዚህን የሚሞላ መጭመቂያ፣ የሚያከፋፍሉ ቧንቧዎች፣ ከፍታውን የሚለኩ መለኪያዎች አሉ። አንዱ ከረጢት በአቧራና በፀሐይ ተሰንጥቆ ትንሽ ሲያፈስ መጭመቂያው የጎደለውን ሊሞላ ሌት ተቀን ይሠራል፤ በመጨረሻም ይቃጠላል። ከፊት የተበላሸበት መኪና ጠዋት ጠዋት እንደ ግመል ተንበርክኮ ታገኙታላችሁ። እንዲህ ሆኖ በጭነት መኪና ተጭኖ የመጣልኝ መኪና ባለቤት ከረጢቱን ከዱባይ እስኪያስመጣ ሁለት ወር ተኩል በእግሩ ሄደ። የብረት ሞላ ያለው ሰው አሞርዛተሩ ሲደክም አሞርዛተሩን ይቀይራል፤ በማግስቱ ወደ ሥራው ይሄዳል።

«ፉል ኦፕሽን» የሚባለው መኪና ከአየር ሞላው ጋር ትልቅ ቸርኬም ይዞ ይመጣል፤ ጸሐፊው ይህንን እንደ ጌጥ ቆጥረውታል። 225/55 አር 17 የሚል ጎማ፣ ከቸርኬው ጠርዝ እስከ መሬት ያለው የላስቲክ ቁመት ከ12 ሴንቲ ሜትር በላይ ነው። 19 ኢንች ቸርኬ ላይ ከኋላ የሚገጠመው 275/35 ከ10 ሴንቲ ሜትር በታች ነው፤ 20 ኢንቹ ደግሞ 275/30 ሆኖ 8 ሴንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ይቀረዋል። ከወለንጪቲ ወዲህ ባለው መንገድ ከባድ መኪና የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ በሌሊት ስትገቡ በእናንተና በብረቱ መካከል ያለው ይህ ላስቲክ ነው። የተጣመመ 20 ኢንች ቸርኬ እያቃናሁ ኖሬያለሁ፤ 17 ኢንች ተጣሞ የመጣልኝን ግን በጣቴ እቆጥረዋለሁ።

ጸሐፊው ሙሉ በሙሉ እውነት ያላቸው ስኮርታ ላይ ነው። ብዙዎቹ እነዚህ መኪናዎች ስኮርታ የላቸውም። ወይ ተንፍሶም ጥቂት ርቀት የሚሄድ ጎማ አላቸው፤ ወይ የሚነፋ ፈሳሽና ትንሽ የአየር መሙያ። ፈሳሹ ሚስማር የወጋውን ይደፍናል፤ በድንጋይ ጎኑ የተቀደደ ጎማ ላይ ግን ምንም አያደርግም። ጎሚስታ በየመንደሩ ባለበት አገር ይህ ችግር ትንሽ ይመስል ይሆናል፤ መተሐራ መንገድ ላይ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ሲሆን ግን ትልቅ ነው። ለደንበኞቼ የማደርግላቸው ቀጭን ስኮርታ ፈልጌ በዕቃ መጫኛው ውስጥ በቀበቶ ማሰር ነው። ከ540ው ሊትር ጥሩ ድርሻ ይወስዳል፤ ይውሰድ። ብቻ ጸሐፊው ይህንን የመነሻው ደረጃ ጉድለት አድርገው ማቅረባቸው ልክ አይደለም፤ በእጥፍ ዋጋ የሚሸጠው ወንድሙም ስኮርታ የለውም።

ነዳጅ ላይ 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 15 ሊትር ይጠጣል ተብሏል። የፋብሪካው ቁጥር 6 ሊትር ገደማ ነው፤ ያ በቤተ ሙከራ የተለካ ስለሆነ እኔም አላምነውም። ከጋሼ ጋር ሆነን ራሳችን ለካነው። አዳማ ላይ እስከ አፉ ሞላን፣ በፍጥነት መንገዱ አዲስ አበባ ደርሰን ተመለስን፣ እዚያው ማደያ እዚያው ቧንቧ ላይ እንደገና እስከ አፉ ሞላን። የሞላነው በሄድንበት ሲካፈል ለ100 ኪሎ ሜትር ከ8 ሊትር ጥቂት ከፍ አለ። መሄጃው ዳገት፣ መመለሻው ቁልቁለት ነው፤ በ120 ሲሄድ ዘጠነኛው ማርሽ ሞተሩን ከ2,000 ዙር በታች ስለሚያቆየው የሚያስደንቅ አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በመኪና መጨናነቅ ብቻ ቢውል 11 ወይም 12 ሊደርስ ይችላል። 15 የሚጠጣ ኢ 200 ካለ ግን ታሟል፤ መታየት አለበት። ጸሐፊው ሊያነሱት ሲገባ ያላነሱት እውነተኛ ጉድለት አለ፤ የነዳጅ ማጠራቀሚያው በብዙ ገበያ 50 ሊትር ብቻ ነው፤ 66 ሊትሩ በተጨማሪ ክፍያ ነበር። ማደያ ላይ ሰልፍ በሚያድርበት አገር እነዚያ 16 ሊትሮች ዋጋ አላቸው። ሁለቱ ቀርበውለት የሚመርጥ ሰው 66ቱን ይምረጥ።

ጠጋኝ የለውም ለሚለው እኔ ራሴ ምስክር ነኝ ማለት ያስቸግራል፤ ስለ ራሴ መመስከር ይሆንብኛል። ስለዚህ የማልችለውን ልናገር። አዲስ የመቆጣጠሪያ ሳጥን ማስለመድና ቁልፍ ማስተዋወቅ ያሉ ሥራዎችን አልሠራም፤ ወደ አዲስ አበባ እልካለሁ። የቀረውን ግን አዳማ ላይ ከእኔ ሌላም በርካታ ጋራዦች ይሠሩታል። ይህን ሞተር የሚገድለው የጠጋኝ እጥረት ሳይሆን የዘይት ንፉግነት ነው። ፋብሪካው 229.5 ብሎ ያረጋገጠውን ዘይት ይፈልጋል፤ በምትኩ በርሜል ውስጥ የተቀመጠ፣ ስሙ የማይታወቅ ዘይት ይገባበታል። ከዚያ የካምሻፍት (የሞተሩን ቫልቮች የሚከፍተው ዘንግ) ማስተካከያው ያረጅና ጠዋት ሲነሳ ለጥቂት ሰከንድ ሰንሰለት የሚንኳኳ ድምፅ ይሰጣል።

ሌላው ሕመሙ በዓይን የሚታይ ነው፤ ለገዢ ሁሉ የማሳየውም ይህንን ነው። ኮፈኑን ከፍታችሁ የፕላስቲክ መሸፈኛውን አንሱ። በሞተሩ ፊት በኩል ላይኛው ክፍል፣ የጡጫ ያህል የሆኑ ሁለት ክብ ነገሮች ጎን ለጎን አሉ፤ የካምሻፍቱን ማስተካከያ የሚያዝዙ ማግኔቶች ናቸው። ሞተሩ ጠፍቶና ቀዝቅዞ፣ ከእያንዳንዱ የሚገባውን የሽቦ መሰኪያ ቀስ አድርጋችሁ ንቀሉና በነጭ ሶፍት የውስጡን ጠርዝ ጥረጉ። ሶፍቱ ንጹሕ ከወጣ መልካም። ቡናማ ዘይት ከያዘ ማግኔቱ ከውስጥ ማፍሰስ ጀምሯል ማለት ነው። ዘይቱ እዚያ አይቆምም፤ በሽቦው ውስጥ ልክ እንደ ኩራዝ ክር እየተሳበ ዓመት በዓመት ወደ ኮምፒውተሩ ይጓዛል። ማግኔቱን በጊዜ መቀየር የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ኮምፒውተሩ ድረስ ከደረሰ ብዙ ገንዘብ ሊያስወጣ ይችላል። ደላላው «ሞተሩ ሰላም ነው» ሲላችሁ ሶፍት አውጡ።

የመጨረሻው ነጥብ ኤሌክትሪክ ነው። በ2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪናዎች ወደ አገር እንዳይገቡ ወስኗል። ጸሐፊው ከዚህ ተነስተው ኢ 200ን የሞተ ነገር ብለውታል። በኤሌክትሪክ መኪና ላይ ቅሬታ የለኝም፤ ቤቱ ውስጥ አስተማማኝ መብራት ያለውና አብዛኛው ጉዞው በከተማ የሆነ ሰው ይግዛ፤ ወንድሜም የገዛው እርሱን ነው። ከውሳኔው የምረዳው ግን ጸሐፊው ከተረዱት ሌላ ነው። አዲስ የማይገባ ከሆነ እዚህ ያሉት መኪናዎች ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጡ ሌላ 15 እና 20 ዓመት ሊያገለግሉ ነው። እንደዚያ ከሆነ ገዢው መጠየቅ ያለበት ከአሥር ዓመት በኋላ ምኑ ይበላሻል ብሎ ነው። የአየር ከረጢቱ፣ 20 ኢንች ቸርኬው፣ በር የሚስበው ትንሽ ሞተር፣ መቀመጫ የሚያሻሸው ፓምፕ፣ ሁሉም መነሻው ላይ የሌሉ ናቸው። ሞተሩ፣ ካምቢዮው፣ ብረቱና ፍሬኑ አሉ።

ይህን ሁሉ ለጋሼ በቃሌ ነገርኳቸው። ዝም ብለው አዳመጡኝ፤ የመኪናቸውን ሁለቱንም መሰኪያዎች ነቅዬ ያሳየኋቸውን ሶፍት ገልበጥ አድርገው አዩት። ንጹሕ ነበር። ከዚያ ወደ ኋላ ሄደው መክደኛውን በጣታቸው ነኩት። «ይህን አንሳልኝ» አሉ፤ «የሌለኝን ነገር ተለጥፎብኝ አልዞርም።»

የፀጉር ማድረቂያ ተበድሬ ሙጫውን አለሰለስኩትና በዓሣ ማጥመጃ ክር እየቆረጥኩ «3»ቱን አነሳሁት። ከሥሩ ቀለሙ ላይ፣ ፀሐይ ለዓመታት ያልነካው፣ ከዙሪያው ጠቆር ያለ የ«2» ቅርጽ ቁልጭ ብሎ ይታይ ነበር። ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ጎንበስ አሉና አነበቡት።